በላይ ዘለቀ እና ሁለት መንግሥታት፦ አንድ ታጣቂ ከዘመናዊ ጦር ፊት (ጎጃም፣ 1929–1937)

በላይ ዘለቀ በሕይወት ዘመኑ ሁለት መንግሥት ገጥሟል። የመጀመሪያው፣ ወራሪው የፋሽስት ጣሊያን መንግሥት፣ አውሮፕላን፣ መድፍ፣ ታንክና የመርዝ ጢስ ነበረው፤ ለዓመታት አሳዶት ሊይዘው አልቻለም። ሁለተኛው ገና ከስደት የተመለሰ፣ ካዝናው የሳሳ፣ ሠራዊቱን በእንግሊዝ አሠልጣኞች እንደ አዲስ የሚያቋቁም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ነበር። እሱ ግን ያዘው፣ ፈረደበት፣ ሰቀለው።

ጠመንጃ የያዘ ግለሰብ ከዘመናዊ ጦር ጋር ሲተያይ ኃይሉ ምን ያህል ነው የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር አንዱ ወገን ጄትና ድሮን ይቆጥራል፣ ሌላው አድዋን ይጠራል። አድዋ ለዚህ ጥያቄ ምስክር አይሆንም። እዚያ የተገናኙት የመንግሥት ጦርና የመንግሥት ጦር ናቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ክተት አውጀው፣ መድፍና ፈጣን ጠመንጃ በገንዘብ ገዝተው የተዋጉት ጦርነት ነው። መንግሥት ፈርሶ ሰው ከነጠመንጃው ብቻውን የቀረበት ጊዜ ግን ከ1928 በኋላ ያለው አምስት ዓመት ነው። ከዚያም ውስጥ ጎጃምን የመረጥኩት እዚያ አንዱ ሰው በሁለቱም ሚዛን ላይ ስለተቀመጠ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ጎጃም መጀመሪያ ዝም ብሎ ነበር

የአርበኞችን ታሪክ ስንተርክ ይህችን ነገር ዘለል እናደርጋታለን። ጎጃም በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ቂም ነበረበት። የአገሬው መስፍን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ተሽረው ታሰሩ፤ በምትካቸው ራስ እምሩ ከላይ ተሹመው መጡ። ራስ እምሩ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ሲዘምቱ ከኋላቸው በጎጃም አመፅ ተነሣ። እንግዲህ የጣሊያን ጦር በ1928 ክረምቱ ሳይገባ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ብዙም የተኩስ አቀባበል አልገጠመውም። ራስ ኃይሉም ከእስር ወጥተው ከወራሪው ጋር አደሩ። በዚያን ጊዜ አንድ የጣሊያን መኮንን ሪፖርት ቢጽፍ ጎጃም ሰላም ነው ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ጣሊያን ራሱ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 በአዲስ አበባ በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የፋሽስቱ መንግሥት መኳንንቱን፣ የተማሩትን፣ አልፎ ተርፎም አዝማሪውን፣ ባሕታዊውንና ጠንቋዩን ሳይቀር ያድን ጀመር። በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ወሬው ዓባይን ተሻገረ። በላዩ ላይ ደግሞ ትጥቅ የማስፈታቱ ዘመቻ መጣ፤ ጠመንጃህን አምጣ፣ ካላመጣህ ቤትህ ይቃጠላል። ለጎጃም ገበሬ ጠመንጃ ማለት የወንድነት ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ርስቱን የሚያስከብርበት፣ ደም የሚመልስበት፣ በሠርግና በለቅሶ ሰው የሚባልበት ዕቃ ነው። ጠመንጃውን ያስረከበ ነገ ርስቱን እንደሚያስረክብ ገመተ።

በ1929 ክረምት ማብቂያ ላይ ላስታ፣ በጌምድርና ጎጃም በተከታታይ ነደዱ። ጊዜው በራሱ ትርጉም ነበረው። ክረምት ከሆነ ካሚዮን ጭቃ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ወንዝ ይሞላል፣ አውሮፕላን በደመና ተሸፍኖ ኢላማውን አያይም። ዘመናዊው ጦር ዘመናዊ የሚሆነው መንገዱ ደረቅ ሲሆን ነው። በየቦታው የተበተኑት ትናንሽ ምሽጎች ተከበቡ፤ አንዳንዶቹ ስንቅ ከሰማይ እየተጣለላቸው ቆዩ።

ከተነሡት የጎጃም መሪዎች መካከል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ እና ልጅ ኃይሉ በለው የመኳንንት ዘር ናቸው። በላይ አይደለም። ይህ ወደ ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፍለዋል። ያኔ ግን በብቸናና በዙሪያዋ ሰው የተከተለው በዘሩ ሳይሆን በሥራው ነበር። ለተከታዮቹ ማዕረግ ይሰጥ ነበር፣ ያውም እንደ ንጉሥ። በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር፣ በቅጽል ስሙ አጤ በጉልበቱ ይባል ነበር። ሁለተኛው ስም አድናቆትም ስድብም ነው፤ ዘውድ ለሚጭን ሰው ደግሞ የሚያስቅ አልነበረም።

የጥይቱ ሒሳብ

አርበኛው ምን ነበረው? ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ከማይጨውና ከሽሬ ጦርነት የተረፈ ጠመንጃ፣ ከጠላት የተማረከ መትረየስ። ጠመንጃው ብዙም ችግር አልነበረም፤ የሚያልቀው ጥይት ነው። ጥይት በኢትዮጵያ ገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረ ዕቃ ነው፤ በዚያ ዘመንማ ዝናር ሙሉ ጥይት የያዘ ሰው ባለጸጋ ነው። ጥይቱ የተቆጠረበት ተኳሽ ከሩቅ አይተኩስም። መንገድ ዳር፣ ገደል አፋፍ፣ ወንዝ መሻገሪያ ላይ አድፍጦ ሰውየው ፊቱ እስኪለይ ድረስ ይጠብቃል፤ አንድ ሁለቴ ተኩሶ ይዘላል፣ የወደቀውን ገፎ ይሄዳል። ስለዚህ የአርበኛው የጥይት መጋዘን የጣሊያን ጦር ራሱ ነበር። ከባንዳው ይገዛል፣ ከከዳ አስካሪ (የጣሊያን የቅኝ ግዛት ወታደር) ይቀበላል፣ ከሞተ ላይ ይወስዳል። ጣሊያን ብዙ ባንዳ ባስታጠቀ ቁጥር ለአርበኛው ብዙ ጥይት ወደ አገር ቤት ገባ ማለት ነው። ባንዳው ቀን የጣሊያን ደሞዝ ይበላል፤ ማታ ወንድሙ ወይም አማቹ ከጫካ መጥቶ በሩን ያንኳኳል።

ጣሊያን በበኩሉ ሒሳቡ ሌላ ነበር። ምሽግ ይሠራል፤ ምሽጉን የሚቀልብ ኮንቮይ ያስፈልጋል፤ ኮንቮዩን የሚጠብቅ ጦር ያስፈልጋል፤ ያ ጦር ደግሞ ራሱ ምሽግ ይፈልጋል። በ1930 ጄኔራል ካቫሌሮ በጎጃም ላይ ትልቅ ዘመቻ አካሄደ፤ መንደር ተቃጠለ፣ አዝመራ ወደመ፣ ብዙ ሰው አለቀ። ዘመቻው ሲያልፍ አርበኛው ተመልሶ መጣ። በታኅሣሥ 1931 የሙሶሊኒ አማችና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቻኖ በዕለት ማስታወሻው ላይ አማራ አሁንም በአመፅ ላይ መሆኑን፣ እዚያ ያሉት 65 ሻለቃ ጦሮችም በምሽግ ውስጥ ለመኖር መገደዳቸውን ጽፏል። ይህን የጻፈው አርበኛ አይደለም፣ ታሪክ አጋናኝም አይደለም፤ ከሮም ሆኖ ሂሳቡን የሚያይ ሰው ነው።

65 ሻለቃ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አርበኛው 65 ሻለቃን አላሸነፈም። በአንድ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ቢገናኙ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ያደረገው ነገር እነዚያ ሻለቃዎች ሌላ ሥራ እንዳይሠሩ ማድረግ ነው። ግብር የሚሰበስብ የለም፣ የጣሊያን ገበሬ መጥቶ የሚሰፍርበት መሬት የለም፣ ሰላማዊ መንገድ የለም። አገሩን ያዙት፣ ግን አላደሩበትም። ኋላ ላይ የጣሊያን ሹማምንት በሸዋ ከአርበኞቹ መሪ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር ወደ ድርድር የገቡት፣ ራስ አበበም ድርድሩን እያስረዘሙ ጊዜ የገዙበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሰውን በስሜት ከሚያስት ነገር አንዱ ግን ይህን ሁሉ የአንድ ጀግና ሥራ አድርጎ ማየት ነው። በላይ ጠመንጃ ይዞ ሲዞር ማን አበላው? ማን ደበቀው? የጣሊያን ጦር የሚንቀሳቀስበትን ቀን ማን ነገረው? ገበሬው ነው፤ በተለይ ሴቶቹ። እንጀራ የጋገረች፣ ጠላ የጠመቀች፣ ገበያ ወጥታ ወሬ የሰማች ሴት በአርበኝነት መዝገብ ውስጥ ስሟ የለም። ይህ ቀለብ በፈቃድ ብቻም አልተሰጠም። አርበኛውም ያስገድድ ነበር፣ ገበሬውም በሁለት በኩል ተቃጥሏል፤ ለአርበኛ ሰጠህ ብሎ ጣሊያን ያቃጥለዋል፣ ለጣሊያን አድረሃል ብሎ አርበኛ ይዘርፈዋል። የጎጃም አርበኞች እርስ በርሳቸውም ይጋጩ ነበር። መንገሻና ነጋሽ ተቀናቃኞች ነበሩ፤ በላይና ኃይሉ በለውም እንዲሁ። ጣሊያን ይህን ቢጠቀምበት ኖሮ የበለጠ ያተርፍ ነበር። ራስ ኃይሉን ለዚህ ሥራ ወደ ጎጃም የመለሳቸው ግን ዘግይቶ ነው።

ዘረት፦ ሰው አንድ ቦታ ሲቆም

ከጎጃም ወጥቼ አንድ ነገር ካልጨመርኩ ጽሑፉ ውሸት ይሆናል። በሚያዝያ 1931 መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ አካባቢ፣ ዘረት በተባለ ቦታ የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከቁስለኞች ጋር አንድ ትልቅ ዋሻ ውስጥ ገቡ። ዋሻው ገደል ላይ ነው፤ አፉን የያዘ ጥቂት ተኳሽ ብዙ ጦር ያቆማል። በድሮው ውጊያ ይህ ምርጥ ምሽግ ነው።

ጣሊያን የኬሚካል ክፍሉን አመጣ። ሰናፍጭ ጋዝ ወደ ዋሻው አፍ ተወረወረ፣ የመርዝ መድፍም ተተኮሰ። ሰናፍጭ ጋዝ ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያሳውራል፣ ሳንባ ያቃጥላል፤ በዋሻ ውስጥ ደግሞ የሚበትነው ነፋስ የለም። ጥቂቶች በሌሊት ሰንጥቀው አመለጡ። ከቀሩት እጃቸውን የሰጡት ወንዶች ተረሸኑ። የሟቾቹ ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ወደ ዋሻው ሲገቡ አጥንቱን እዚያው አገኙት።

በዘረትና በጎጃም መካከል ያለው ልዩነት የጀግንነት አይደለም። በዘረት ሰው ቆመ፤ ቤተሰቡን ይዞ አንድ ቦታ ገባ፣ መውጫውም አንድ ሆነ። ዘመናዊ ጦር የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ኢላማው የት እንዳለ ካወቀ የቀረው የኬሚስትና የመድፈኛ ሥራ ነው። በላይን ያቆየው ጣሊያን የት እንዳለ አለማወቁ ነው፤ አለማወቁን ያቆየው ደግሞ የሚያውቀው ሕዝብ ዝም ማለቱ።

ሌላ ጦር ሲገባ

ጎጃም ነፃ የወጣው በአርበኞች ብቻ አይደለም። ይህን ማለት ክብራቸውን አይቀንስም። ጣሊያን በ1932 ሰኔ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገባ። በነሐሴ ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት በግብርና የኖረው እንግሊዛዊው ሳንድፎርድ ከሱዳን ተነሥቶ በእግር ወደ ጎጃም ገባ፤ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማም አብረው ሠሩ። ጠመንጃ ከማደል በፊት ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ መንገሻንና ነጋሽን ማስታረቅ ነበር። በኔ ግምት ከጎጃሙ ዘመቻ ሁሉ ርካሹና ውጤታማው ሥራ ያ ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ። በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ወታደሮች የተውጣጣ፣ ሁለት ሺህ የማይሞላ ነበር። ስንቅ የጫኑት ግመሎች በደጋው ብርድና በገደሉ በሺህዎች አለቁ፤ በመንገዱ ላይ የግመሉ ሬሳ ሽታ ለኋለኛው ጦር መንገድ መሪ ሆነ እስከ መባል ደርሷል። ይህ ትንሽ ጦር ግን በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የጣሊያን ጦር ከቡሬ አስነሣ፣ ከደንበጫ አስለቀቀ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ለምን ቀለለ? ጣሊያን ቀድሞውኑ አራት ዓመት በፍርሃት የኖረ ነው። ከምሽጉ ውጪ ያለው ጨለማ ሁሉ አርበኛ ይመስለዋል። የሁለት ሺህ ሰው ጦር የሃያ ሺህ መስሎ የታየው በዚያ ምክንያት ነው።

ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ሲለቅ የሆነውን ነገር ብዙ ሰው መስማት አይወድም። ኮሎኔል ማራቬንታኖ የጎጃሙን ጦር ይዞ በሰፋርታክ በኩል ዓባይን ለመሻገር ወረደ። የዓባይ በረሃ ለደፈጣ የተፈጠረ ቦታ ነው፤ መውረጃው ጠባብ፣ መውጫው ዳገት፣ መሻገሪያው አንድ። ዊንጌት የእንግሊዝ መኮንኖችን ወደ በላይ ላከ፤ መሻገሪያውን የያዘው የበላይ ጦር ነበርና። ጦሩ ግን በሰላም ተሻግሮ ሄደ። እዚያ የነበሩት መኮንኖች የጻፉት፣ ራስ ኃይሉ ከዘራቸው ልጅ ሊድሩለት ቃል ገብተው ነው በላይ ዝም ያለው የሚል ነው። ያ ጦር በግንቦት ወር አጊባር ላይ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ከወር በላይ አዋጋ።

ክሱ እውነት ከሆነ አልገረምም፤ ሰውየውን ግን ከሐዲ የሚያሰኘው አይመስለኝም። አራት ዓመት በራሱ ጥይት የተዋጋ ሰው ጦርነቱ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ያስባል። ከመሳፍንት ዘር ጋር መጋባት በጎጃም ማለት ወደ ላይኛው ቤት መግባት ነው። ለበላይ የጎደለው እሱ ብቻ ነበር። ምናልባት ይህን ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው ሰው በላይ ሊሆን ይችላል፤ ጠመንጃው ከጣሊያን ጋር ያለውን ነገር ይፈታል፣ ከአዲስ አበባ ጋር ያለውን ግን አይፈታም።

ሁለተኛው መንግሥት

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ሹመት መከፋፈል ተጀመረ። በላይ ደጃዝማች ተባለ፣ ብቸናን ተሾመ። ለሌሎቹ አርበኞች፣ በተለይ ለኃይሉ በለው፣ ከዚያ የሚልቅ ክብርና ግዛት ተሰጠ። በንጉሡ በኩል ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዘር ያለው ሰው በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ አለው፣ በጉልበቱ የወጣ ሰው ግን ነገም በጉልበቱ ሊወጣ ይችላል። በበላይ በኩል ሲታይ ደግሞ በጦርነቱ እኩያው የነበረው ሰው አለቃው ሆነ። ላለመታዘዝ አንገራገረ፣ ጠሩት አልሄደም፣ በመጨረሻም ሸፈተ።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ሁሉ የሚገለበጠው። ጦሩ ያው፣ አገሩ ያው፣ ጠመንጃውም ከቀድሞው የተሻለ፤ ከጣሊያን የተማረከ መሣሪያ በየቤቱ ነው። በአንጻሩ መንግሥቱ ደካማ ነበር። በ1936 መባቻ በትግራይ ቀዳማዊ ወያኔ የተባለው አመፅ ሲነሣ የንጉሡ ጦር ብቻውን አልቻለውም፤ ከኤደን የመጡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ናቸው መቀሌን የደበደቡት። ለበላይ ያን ያህል አላስፈለገም።

በጣሊያን ጊዜ በላይን አሳልፎ የሰጠ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ዕድሜ ልኩን ባንዳ ተብሎ ይኖራል፤ ቄሱ አያናዝዘውም፣ ማኅበሩ አያስጠጋውም። በ1935 ግን ንጉሡ የተቀባ ንጉሥ ነው፣ ጳጳሱ ስሙን በቅዳሴ ይጠራል። የበላይን ዱካ የሚናገር ሰው ባንዳ አይባልም። የዘመተበት ጦር ውስጥ የጎጃም ሰዎች ነበሩበት፤ መንገዱን ያውቃሉ፣ ዘመዶቹን ያውቃሉ፣ ማን ምን እንደሚያበላው ያውቃሉ። ቂም ያላቸውም አሉ፤ በአርበኝነት ጊዜ አዝመራው የተወሰደበት፣ ወንድሙ የተቀጣበት። ጣሊያን በ65 ሻለቃ ያላገኘውን ወሬ ይህ መንግሥት በነጻ አገኘው። እንደሚተረከው አማላጅም ገባ፤ በላይም ተዋግቶ እጁን ሰጠ። ለጣሊያን እጁን ቢሰጥ ውርደት ነው፤ ለንጉሡ ቢሰጥ ግን በአገሩ ባህል ሸፍቶ የሚታረቅ የብዙ ሰው መንገድ ነው። እጁን ያሰጠው ይህ ተስፋ ይመስለኛል።

ሞት ተፈርዶበት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት። አዲስ አበባ ታስሮ ሳለ ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ሆኖ ከእስር አመለጠ። ማሞ የራስ ኃይሉ ልጅ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ከጣሊያን ጋር ቆሞ አርበኞችን የወጋ። አርበኛውና ባንዳው አንድ ላይ ወደ ጎጃም ሲሸሹ ተያዙ። በጥር 1937 በላይ፣ ወንድሙ እጅጉ እና ማሞ በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ራስ ኃይሉ ከጣሊያን ጋር አድረው ሳለ አልተሰቀሉም፤ በአዲስ አበባ በቁም እስር ኖረው ከዓመታት በኋላ በሕመም ሞቱ።

ብዙ ሰው ይህን የፍትሕ መጓደል አድርጎ ይተርከዋል፤ ትክክልም ነው። ለጥያቄያችን ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ራስ ኃይሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ጠመንጃቸው አብቅቷል፣ ስማቸው የከበረውም በአሮጌው ሥርዓት ነው፤ ለመንግሥቱ አያሰጉም። በላይ ግን አንድ መንግሥት ሊይዘው ያልቻለ ሰው መሆኑ ራሱ ወንጀል ነበር። ከመንግሥት ጦር ጋር እኩል ቆሞ የታየ ግለሰብ ቀጣዩ መንግሥት አጠገቡ ሊያኖረው አይደፍርም።

ጎጃም ግን አልረሳም፤ መንግሥትም ጎጃምን አላመነም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ገበሬው፣ ርስታችን ሊቆጠር ሊወሰድ ነው ብሎ እንደገና ጠመንጃውን አነሣ። በዚህ ጊዜ መንግሥቱ የራሱ አየር ኃይል ነበረው፤ መንደሮችንም ደበደበ። አሁንም ገበሬው ገበሬውን አልጠቆመም። አመፁን ሊያበርድ ያልቻለው መንግሥት ውዝፉን ግብር ማረ፣ የተጠሉትን ጠቅላይ ገዥ ፀሐዩ እንቁ ሥላሴንም ከጎጃም አነሣ።